አሥራ ሁለተኛው ዘፈን

በኒውዮርክ ከተማ ለጥበብ ያለን ክብር የሚለካው በእግር መሆኑን ላላወቀ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ጥሩ ቴአትር ስናይ ቆመን እናጨበጭባለን፤ መጥፎ ስናይም ቆመን። ተቀምጦ የቀረ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከሌላ አገር መጥቷል።

እኔ ዘጠና ዘጠኝ ወንበር ባላት የምድር ቤት ቴአትር ውስጥ ተመልካች ወደ ቦታው የምመራ አስተናጋጅ ነኝ። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ አዲስ የዘፈን ሰንሰለት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፦ አሥራ ሁለት ዘፈኖች፣ ታሪክ የለ፣ ገጸ ባሕርይ የለ፣ የሚያገናኛቸው ፒያኖው ብቻ። የመጨረሻው የሎሬታ ነበር። ሎሬታ ዘፋኝ ሲታመም ልትተካ ሠላሳ ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ጠብቃለች፤ እግዜር ጤና ሰጥቷቸው አንዳቸውም አልታመሙላትም።

አራተኛው ዘፈን ሲያልቅ የቴአትር ቤቱ ቦርድ ሊቀ መንበር አቶ ታዴየስ ቮግል ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ሊቀ መንበር ቆሞ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ ግር ብሎ ተነሣ። ሮጬ ሄድኩ።

“ጌታዬ፣ ይህን ያህል ወደዱት?”

“ኧረ እግሬ ደንዝዞብኝ ነው! ቀስ በል፣ እንዳይሰሙህ።”

“እንግዲያው ይቀመጡና እነሱም ይቀመጡ።”

“የጋዜጣው ሐያሲ ከኋላዬ ቆሟል እኮ! አሁን ብቀመጥ ‘አልወደደውም’ ብሎ ይጽፍብኛል።”

ለአራተኛው ከተቆመ አምስተኛው ዘፋኝ ምን በደለ? ለሁሉም ተቆመ። ወደ መጋረጃው ጀርባ ብቅ ስል ሎሬታ ክንዴን ያዘችኝ።

“ክላይድ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ? አለቀ እንዴ?”

“ወደውት ነው።”

“ጉልበታቸውን ጨረሱት በለኛ! ለኔ ምን ሊተርፈኝ ነው?”

አሥራ አንደኛው አለቀ። ስምንት ጊዜ ለተነሣ ጉልበት ዳግም ከመቀመጥ ካፖርት መልበስ ቀለለው። ታሪክ የሌለው ነገርስ የት እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ሊቀ መንበሩ “ታላቅ ሥራ!” እያሉ ወጡ፤ ሐያሲው ባቡር እንዳያመልጠው ቀደማቸው። በሩ ላይ ቆሜ “አንድ ይቀራል!” ብል፣ አንዲት ወይዘሮ “ጎበዝ” ብላ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋኝ አለፈች።

ሎሬታ ወጣች። ባዶውን ወንበር ሁሉ አየች። ከዚያ ፒያኖ ተጫዋቹን “ጀምር” አለችውና ዘፈነች። ሰው ሳስቀምጥ የኖርኩት እኔ ያን ቀን ራሴን አስቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ስትጨርስ በልማዴ ላጨበጭብ ልነሣ ስል በእጇ ከለከለችኝ።

“ተቀመጥ። የቆመ ሰው ጠግቤያለሁ።”

በማግስቱ ሐያሲው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ “በተለይ የመጨረሻው ዘፈን ሲዘፈን አዳራሹ ውስጥ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።”

ዕድሜ ይስጠው፤ አንዲት ቃል አልዋሸም።