በነቢያት ጾም የገደፈች መኪና

የድሮ መኪና ኮፈን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ የአባቴ ጓደኛ መኪናውን ሲፈታ አይቻለሁ። ሰውዬው ከሞተሩ ጎን ሁለት እግሩን አስገብቶ ይቆምና፣ ሳሎኑ ውስጥ እንዳለ ሰው ዘና ብሎ ይፈታል፣ ያጥባል፣ ይገጥማል። ካቻቢቴው ቢያመልጠው መሬት ላይ ያገኘዋል። እስቲ የዛሬን መኪና ኮፈን ክፈቱ። አንዲት ጣት የምታስገቡበት ቀዳዳ ካገኛችሁ ለኔም ንገሩኝ። መጀመሪያ ሞተሩን ሠርተው፣ ከዚያ በላዩ ላይ መኪናውን አጥብቀው የሰፉት ነው የሚመስለው። በዚህ ላይ ስልካችሁ ውስጥ አንድ ፈገግተኛ ሰውዬ አለላችሁ፤ “ይህን በአሥር ደቂቃ ራስዎ ይቀይሩታል” የሚል። የሱ እጅ ምን ዓይነት እጅ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የኔ በገብስ ገንፎ ያደገ የመንዝ እጅ ነው።

ታዲያ መኪናህን ለምን ጋራዥ አትወስዳትም ትሉኝ ይሆናል። ኩራት ነዋ! ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ እከርምና፣ ቅዳሜ ሲመጣ ቱታ ለብሼ መኪና ሥር መተኛት ያምረኛል። ሚስቴ በመስኮት ብቅ ብላ “ዛሬ ደግሞ የቷን ልታበላሽ ነው?” ትለኛለች። አልሰማትም። ብሰማት ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁላችሁ።

ከሞተሩ ጀርባ ውሃ የምታመላልስ አንዲት የላስቲክ ቱቦ አለች። አርጅታ ስታንጠባጥብ አየሁና በአዲስ ቀየርኳት። የቱቦዋን አንገት የሚያንቅ ክብ ብረት አለ፣ ፋሸታ ይሉታል፤ ሁለት ጆሮ አለው፣ ጆሮውን ስትጨምቁት ይከፈታል፣ ስትለቁት ያንቃል። ችግሩ፣ ቦታው ድረስ ገፍቶ ለማስቀመጥ እጅ መግባት አለበት፤ የኔ እጅ ደግሞ አንጓው ላይ ሲደርስ አሻፈረኝ አለ። ፋሸታውን በሁለት ጣቴ ጫፍ ነካ ነካ አደረግኩትና “ይበቃዋል” ብዬ ኮፈኑን ዘጋሁ።

አልበቃውም።

ያልበቃው መቼ መሰላችሁ? ሌላ ቀን ጠፍቶ፣ አክስቴን እትዬ አስካለን ከሞላሌ ይዤ ወደ ዘመሮ ስሄድ። እትዬ አስካለ ልጅ አልወለዱም። በሞላሌ ዙሪያ በግ ምጥ ሲጠናባት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ስንቱን ግልገል እንዳዋለዱ እሳቸውም አያውቁትም። ክርስትና ያንሱልኝ ያላቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሰዉ ክፉ አስቦ አይደለም፤ የወለደች ትሻላለች የሚባል ነገር ስላለ ነው። ይኸውላችሁ፣ በስተርጅና ዘመሮ ያለች የባላቸው የእህት ልጅ ሴት ልጅ ወለደችና “እትዬ አስካለ ካላነሱልኝ ማንም አያነሳትም” አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀን ሲቆጥሩ ሰነበቱ። ሰማንያው የሞላው በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም ላይ ነው። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ልጅቷ ደግሞ ከቅዳሴው በፊት ነው የምትጠመቀው። ካልደረስን ቄሱ ሕፃኗን ይዘው አይቆሙም፤ አጠገብ ያለች አንዷ ሴት ትቀበላለች፣ አለቀ።

ውርጩ ገና ሜዳው ላይ ሳይነሣ ወጣን። እትዬ አዲስ ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ፣ ለአራሷ አናት የያዙትን ለጋ ቅቤ በቅል አድርገው እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። መንገዱን አጋምሰን ነበር። ድንገት ከኮፈኑ ሥር ጭሱ ቡልቅ አለ።

“ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ትንሽ ነገር ናት፣ በአሥር ደቂቃ” አልኳቸው። የዚያ የስልኩ ሰውዬ አፍ ተጋብቶብኛል።

ቱቦዋ ከአፎቷ ወልቃለች። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅንና እጄን ሰደድኩ። ቱቦዋን ይዤ ወደኔ ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ ተሳደብኩ። የእጄ ጀርባ ተላጠ። አንድ የጭነት መኪና እስከ አፉ ገብስ ጭኖ፣ ከላይ ሰው ደርቦ አለፈን፤ እጃችንን ብናወዛውዝ እነሱም አወዛወዙልን። እትዬ መንገዱ ዳር ቆመው አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“ሌላ ሴት ታነሳታለች እንግዲህ” አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቀው፣ በኔ በሁለት ጣቴ ሊቀሩ ነው!

ትንሽ ቆይተው ጠጋ አሉና እጄ የገባበትን ጎንበስ ብለው አዩ። “የት ነው ያለው?”

“ከኋላ ነው። አይታይም እኮ እትዬ።”

“ማን ይታያል አለህ? ዘወር በል።”

እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ሰበሰቡ። ቅሉን ከፈቱና ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ነከሩ።

“እትዬ፣ ጾም ነው እኮ!” አልኩ።

“ምነው፣ መኪናህ የንስሐ አባት አላት?” አሉኝና እጃቸውን ከሞተሩ ጀርባ ሰደዱ። እጃቸው ትንሽ ናት፤ እንደ ቀልድ እስከ ክርናቸው ገባች። ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አደረጉ።

“ይሄ በግ አይደለም እትዬ፣ እንዳይጎዳዎ።”

“ኧረ ባክህ! አይራገጥ፣ አይጮህ፤ ከበግ ይሻላል።” ወዲህ ወዲያ ዳበሱ። ከዚያ “አገኘሁት” አሉ። “አንተ እኮ ዝም ብለህ ትስባለህ። ታጥፏል። የታጠፈ ግልገል ቢስቡት ይወጣል? መጀመሪያ ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ፣ ይቃናል፤ ከዚያ ነው ና የምትለው። ና... ና... እሰይ የኔ ልጅ! ጆሮ ያለው ነገርስ ምንድን ነው?”

“ፋሸታው ነው! ጨምቀው ወደ ውስጥ ይግፉትና ይልቀቁት!”

ጠቅ ሲል እኔም ሰማሁት። የበግ ጠጉር ስትፈትል የኖረች ጣት ብረቱን ጨምቃ ቦታው አስቀመጠችው። ከወንዝ ውሃ አምጥተን ሞላን፤ ሞተሩ ተነሣ፤ አንዲት ጠብታ የለም። በነቢያት ጾም ቅቤ የቀመሰች መኪና ከኔዋ ሌላ ካላችሁ አስተዋውቁን።

ደረስን። ዲያቆኑ ሕፃኗን ለመቀበል ሌላ ሴት ሲጠራ ደረስን! እትዬ አስካለ በሩጫ ገቡ። እጃቸው ግን እስከ ክንዳቸው በግራሶ ጠቁሯል፤ ወንዙ ዳር በሳሙና ቢፈትጉትም የሚለቅ አልሆነም። ልጅቷን እንዳያቆሽሹ መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ በነጠላው ላይ ተቀበሏት። ወለተ ማርያም ተባለች። እትዬ አለቀሱ። እኔም፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ አለቀስኩ።

ነገሩ የተበላሸው ከቅዳሴ በኋላ፣ የገብሱ ጠላና የሽሮው ወጥ ሲቀርብ ነው። የልጅቷ አባት “መኪናዋን መንገድ ላይ ማን ሠራት?” ብሎ ጠየቀኝ። “እኔ ነኝ” አላልኩም። “አይ፣ ቀላል ነገር ነበር” አልኩ። አያችሁ፣ ይሄ “እኔ ነኝ” ከማለት የባሰ ነው። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበልኝ። እኔም ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ ስለ ጠባብ ቦታ፣ ወደ ኋላ መልሶ ስለማቃናት አስረዳሁ። እትዬ ጥግ ተቀምጠው ይሰማሉ።

ወዲያው አንድ ጎረቤት ገባ። “እትዬ አስካለ፣ እግር ጥሎዎት ነው የመጡት። ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ላይ ያለች በግ አለችኝ።”

እትዬ በእርጋታ ወደኔ ዞሩ። “ታደለ ይግባላት እንጂ። ከጠባብ ቦታ ማውጣቱን አሁን ሲነግራችሁ አልነበር?”

ሰው ሁሉ ዞረብኝ። “እኔ አይደለሁም!” አልኩ። “ሠሪዋ እሳቸው ናቸው! በእጃቸው፣ በቅቤ!”

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። “ትሕትናውን አያችሁ? የተማረ ሰው እንዲህ ነው!” አሉ የልጅቷ አያት። “እጃቸውን እዩ እንጂ፣ ጥቁር ነው!” ብል፣ “አንተን ሲያግዙ ነዋ” አሉኝ። ስዋሽ ያመነኝ ሰው ሁሉ፣ እውነት ስናገር መረቀኝ።

እትዬ ወደ ጎረቤቱ ጋጣ ሄዱ፤ እኔም እንደ ጥፋተኛ ተከተልኳቸው። እጃቸውን ሰደዱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አደረጉ። መጀመሪያ አንድ ግልገል ወጣ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። በሙቅ ውሃ ሲለቃለቁ ሳይ ክው አልኩ። ሳሙና እምቢ ያለውን ግራሶ በጊቱ በምጧ ውሃ አስለቅቃዋለች፤ እጃቸው ንጹሕ ነው፣ አንድ ጥቁር ነጥብ የለበትም።

“እትዬ፣ ማስረጃዬ ጠፋ!” አልኩ። “ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?”

አልሰሙኝም። ሁለቱን መዳፋቸውን ገልብጠው፣ ደግመው ገልብጠው አዩና ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤቱ ፈጠኑ። በሩ ላይ ሳይደርሱ ድምፃቸውን ሰማሁት።

“ልጄን ስጡኝ።”