በለቀማ ሰሞን የመጣ ቆጣሪ

ተማሪ የሚቆጥር መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስም ሲጠራ ማለቴ አይደለም። ጭልፊት ያንዣበበባት ዶሮ እንኳ ለጫጩቶቿ እንደ ባልደረባዬ እንደ መምህር አስፋው አትጨነቅም። ኧረ ምን እሱ ብቻ፣ ሁላችንም ነን!

በጀት ስለተቀነሰ ተማሪ ያነሰበት ክፍል ይታጠፋል፣ መምህሩም "ተንሳፋፊ" ይሆናል ተብሏል። ሥራ አጥ ላለማለት መሆኑ ነው። ተማሪ ቆጣሪው ከሚዛን ከተማ የሚመጣው መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? በቡና ለቀማ ሰሞን! ያኔ በእኛ ወረዳ በሸኮ፣ ባዶ ወንበር እንጂ ተማሪ ከየት ይገኛል?

አስፋው ገና በማለዳ በየማሳው ዞረ።

"ልጆቼን ከወሰዱ ቡናዬን ማን ይለቅምልኛል?" አሉት አንዲት እናት።

"እኛ!" አለ፣ ሳያማክረን።

ልጆቹ ክፍል ገቡ፣ እኛ ቅርጫት ይዘን ማሳ ገባን። ቆጣሪው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ብለን ነበር፤ በጠዋቱ ከች አለ። ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ኮሽታ የለም።

"መምህሮቻችሁስ?"

"ቡናችንን እየለቀሙልን ነው" አሉ ልጆቹ። ውሸት አላስተማርናቸውማ!

ሰውየው አልተቆጣም አሉ። "ያለ መምህር እንዲህ ፀጥ ብለው ከተቀመጡማ፣ ይህ ሁሉ መምህር ምን ያደርጋል?" ብሎ ሄደ።

ይህንን ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ ሲነግረን አስፋው የቡናውን ቅርንጫፍ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እናትየው ግን ቅርጫታችንን አይተው ደስ አላቸው።

"እጃችሁ ፈጣን ነው። ለከርሞም ትመጣላችሁ?"

አንመጣም ብሎ የሚምል ከመሃላችን ጠፋ።