ከግርጌ የተቸከለው ቁልፍ

ሰው ሲደክም ማየት የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የቢሯችን ፕሮግራመር በረከት እንዲህ ነው፤ ቢፈቀድለት ታቦር ተራራ ላይ ሊፍት ይተክላል።

ልጃቸው ሥራ ይዛ ጅማ ለቀረችባቸው አከራዩ፣ ለእትዬ አስቴር፣ የልጅቷን ፎቶዎች የሚያሳይ አፕ ሠራላቸው። ከስክሪኑ ጎን በጣት ሳብ ሲያደርጉ ፎቶዎቹ የተደረደሩበት ሰሌዳ ይወጣል፤ «ደውል» የሚለው ቁልፍ ግን ከሁሉም ፎቶ በታች ነው። እትዬ በአውራ ጣታቸው ሲወርዱ ሲወርዱ አይቶ አንጀቱ አልቻለም። ቅዳሜውን ሠውቶ ቁልፉን ከስክሪኑ ግርጌ ቸከለው፤ ፎቶው ቢወጣ ቢወርድ ንቅንቅ አይልም። እኛም ድልድይ የተመረቀ ያህል አጨበጨብን።

በሳምንቱ አብሬው ሄድኩ።

«ተመቸዎት፣ እትዬ?» አላቸው።

«ተባረክ ልጄ። ብቻ ድሮ ልደውልላት ስል፣ ከሕፃንነቷ ጀምሬ እያየኋት ነበር የምወርደው። አሁን ግን ገና ቁልፉን ስነካው ‹እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ› ትለኛለች።»

በረከት ደነገጠ። «ወደ ቦታው ልመልሰው?»

«ተወው፣ አትድከም» አሉና ጥርስ ሳታበቅል ከተነሣችው ፎቶ ጀመሩ። እኛም ግራና ቀኝ ተቀምጠን አብረን ወረድን። መጨረሻው ላይ ልጅቷ የምረቃ ጋዋን ለብሳ ትስቃለች። እትዬ በጣታቸው ዳበስ አደረጓትና፣ ሳይደውሉ፣ እንደገና ወደ ላይ ተመለሱ።