ሽማግሌ የሌለበት ልቦለድ

እኔ የምለው፣ የልቦለድ ሴቶች ሥራ የላቸውም እንዴ? ልባቸው በተሰበረ ማግስት ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ አንድ ሩቅ፣ ብርዳማ የክፍለ ሀገር ከተማ ይሄዱና ወራት ይቀመጣሉ። ማን ፈቃድ ሰጣቸው? የኛ ርዕሰ መምህር እንኳን ለልብ ለጥርስም ግማሽ ቀን አይሰጥ።

ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እኔ የማስተምረው ሮቤ ነው። ያ ሩቁና ብርዳማው የክፍለ ሀገር ከተማ ማለት እኮ እኛ ነን። የኛ ልብ ሲሰበር ወዴት እንሂድ? እኔ ተጨንቄ ተጠብቤ ጎባ ሄድኩ። በሚኒባስ ቅርብ ናት። ሻይ ጠጣሁ፣ ብርዱ ከሮቤም ባሰብኝ፣ ለምሳ ተመለስኩ።

የልቤ መሰበር ግን እውነት ነው፤ አትሳቁ። ቀለበት ያሰረልኝ ሰው አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ "ግራ ገብቶኛል፣ ጊዜ ስጪኝ" አለኝና ጠፋ። መጽሐፍ የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ መጽሐፍ የምታከራይ ልጅ አለች። ተከድታ የዳነች ሴት ያለችበትን ሁሉ ተራ በተራ ጨረስኩባት። ምን አገኘሽበት ብትሉኝ፣ ዋስትና። ሽፋኑ ላይ ልጅቷ ትስቃለች። እንደምትድን አስቀድማችሁ እያወቃችሁ ታለቅሳላችሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? መጨረሻው ማማሩ ከታወቀማ ጭራሽ ይጎርፋል።

የቤት አከራዬ አዴ መዲና ይሄን ለቅሶ ሰሙ። "አዴ" እዚህ ትልቅ ሴት የምትጠራበት የአክብሮት ስም ነው። የሰው ለቅሶ ሰምቶ ዝም ማለት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ቅቤ የጠገበ የገብስ ጩኮ በሳህን ይዘው ገቡና ማን ሞተብሽ አሉኝ። የራሴን መናገር አፈርኩ። መጽሐፍ ነው ያስለቀሰኝ አልኳቸው።

"ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ መጽሐፉ ምን አደረገሽ?"

የመጽሐፏን ልጅ ታሪክ እየጀመርኩ፣ በራሴ እየጨረስኩ፣ ሁለቱን አደባልቄ አወጋኋቸው። ክህደቱ ብዙም አልደነቃቸውም። የደነቃቸው ሌላ ነው። ጃርሳ፣ ማለትም ሽማግሌ፣ አልተላከም ወይ አሉኝ። አልተላከም፣ መጽሐፉ ውስጥ ሽማግሌ የሚባል የለም አልኳቸው። ሰው የሌለበት አገር ነው እንዴ ብለው አዘኑና ለልጅቷ ዱዓ አደረጉላት። እውነታቸውን እኮ ነው። ያነበብኩትን ሁሉ መለስ ብዬ አሰብኩት። አንድም ሽማግሌ የለበትም። ቢኖርበትማ ከአሥር ገጽ አያልፍም ነበር።

እንዲህ እንዳለን ያ የጠፋው ሰው መልእክት መላክ ጀመረ። መልእክቱ ሁሉ ረጅም ነው። ይቅርታ፣ ናፍቆት፣ ሮቤ ልምጣና እንደ አዲስ እንጀምር። ልቤ ሞኝ ናት፣ ደነገጠች። ና ልበለው ወይስ አትምጣ? መልሱን ከመጽሐፍ ፈለግሁት። በአንዱ ይቅር ትለዋለች፣ በሌላው ዶክተር ታገባለች። እኔ የማውቀው ዶክተር የከብት ነው፤ እሱም ባለትዳር ነው።

አንድ እሁድ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከተማ ዞር ዞር ብዬ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። መሃል ላይ የአዴ መዲና ወንድም ሐጂ አማን አሉ፤ ሲናና ላይ ስንዴ ያርሳሉ። ለካ አዴ መዲና የመጽሐፏን ልጅ ጉዳይ ለሽምግልና አቅርበውታል። ሳቄ መጣ። ሐጂ አማን ግን አልሳቁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለው ከመጀመሪያው እንድተርክ አደረጉኝ። ሰውየው መመለስ መፈለጉንም ጨመርኩበት።

"የልጅቷን ሰማን" አሉ። "የሱንስ ማን ይናገርለት? የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ እኛ ዘንድ የለም።"

መጽሐፉን የምታውቀው እሷ ናት፣ እሷው ትናገርለት አሉ አዴ መዲና። ጉድ በሉ። ለከዳኝ ሰው ጠበቃ ሆንኩ። ግራ ገብቶት ነበር አልኩ። አሁን ከፍቶታል፣ ብቸኝነት ጎድቶታል፣ እንቅልፍ አጥቷል አልኩ። ሐጂ አማን በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ይሄ ሁሉ ስለራሱ ነው" አሉ። "ስለ ልጅቷ ምን ይላል?"

መልእክቶቹን ሁሉ በልቤ አገላበጥኳቸው። ስለ እኔ አንድ ቃል አጣሁ። በአዳሜ ሁሉ ፊት ምንም አይልም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጥሎኝ ከሄደበት ቀን ይልቅ ያን ጊዜ ከፋኝ።

ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩና ፍርዱ ወጣ። ያጠፋ ሰው ሲመለስ ብቻውን አይመጣም፤ ጃርሳ ይዞ ይምጣ፣ በሰው ፊት ይናገር።

"ብቻዬን ካለ የሚመጣው ለእርቅ አይደለም፣ ለጉብኝት ነው" አሉ ሐጂ አማን። "ለጉብኝት ከሆነ ሰነቴ ተራራ ይውጣና ቀይ ቀበሮ ይይ።"

መረቁና ተነሡ። የማን ጉዳይ እንደሆነ ይወቁ አይወቁ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ክፍሌ ገብቼ ስልኬን አነሣሁ። ለዚያ ሁሉ አንቀጽ የሰጠሁት መልስ "ሽማግሌ ይዘህ ና" የሚል ብቻ ነው። ወዲያው አየው። መጻፍ ጀመረ፣ ተወ፣ ደግሞ ጀመረ። በመጨረሻ "ለምን?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም።

አሁን ማልቀስ ነበረብኝ አይደል? መጽሐፍ ገለጥኩ፣ እንባ እምቢ አለ። ይልቅ ራበኝ። ደራሲዎቹ ጊዜ ያድናል ይላሉ፣ አዲስ ፍቅር ያድናል ይላሉ። እኔን ያዳኑኝ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ይሄን ደግሞ ሽፋን ላይ ቢያወጡት ማን ይከራየዋል?

ችግሩ፣ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ወደዱት። ባለፈው ሐሙስ ገበያ መሃል ሐጂ አማን ከስንዴ ጆንያቸው አጠገብ ሆነው ጠሩኝ። ጤናዬን ጠየቁ፣ ተማሪዎቼን ጠየቁ፣ አገር ቤት ያሉትን ዘመዶቼን ጠየቁ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "መምህርት፣ ሌላ የተከዳች ልጅ አላነበብሽም?" አሉኝ።