ላስቲኩ በየት ይተነፍሳል?

ሰው የማያየውን ነገር ይንቃል። አየርን ውሰዱ። ዕድሜ ልካችንን ስናስገባውና ስናስወጣው ኖረን አንድም ቀን "ከበድክ" ብለነው አናውቅም። እኔማ አየር መሬት ይደፈጥጣል ያለኝን ሰው፣ ማጋነን ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ "ይኼስ በዛ" ብዬዋለሁ።

ሰውዬው መሐንዲስ ነው። ሐይቅ ዳር ማዋለጃ ቤት ሊሠራ መጣ። የተሰጠው ቦታ ግን መሬት ከሚባል ገንፎ ቢባል ይሻለዋል። የጎረቤቴ አህያ እዚያ ሰጥማ በአምባሰል በኩል ወጣች ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ እንዳትጠራጠሩ፤ ያወራሁት እኔ ነኝ።

መሐንዲሱ እንደ ቀሰም ያሉ ረዣዥም ነገሮች ጭቃው ውስጥ ሰካ። በላዩ ሰፊ ላስቲክ አለበሰ፤ ጠርዙን ዙሪያውን ቦይ ውስጥ ቀበረና አፈር ከመረበት። ከዚያ ፓምፑን አስነሥቶ ከላስቲኩ ሥር አየሩንም ውሃውንም ይመጥጠው ጀመር። "ከሥር ባዶ ሲሆን የውጭው አየር ከላይ ይጫነዋል፤ ጭቃው ውሃውን እየተፋ ይጠነክራል" አለን። እውነትም የፓምፑ መለኪያ መርፌ ወጣች፣ መሬቱ ወረደ። መሬት ሲሰምጥ እልል የተባለው በእኛ አገር ብቻ ይመስለኛል።

እኛ ደግሞ ደግ ነገር ስናይ ዝም ብለን አናልፍም። ቅሬያችን፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ ለቀብር ብቻ አይደለም የሚሰበሰበው፤ ሥራው እንዲባረክ ዱዓ ይደረግ ተባለ። ዳስ ተጣለ። በዚያ ረግረግ ችካል የሚይዘው ጠርዙ ላይ የተከመረው አፈር ብቻ ነበርና እዚያው ተተከለ። ሸህ ይማም መረቁ፣ መምሬም አሜን አሉ። በማግሥቱ መርፌዋ ወረደች።

"በሆነ ቦታ አየር ይገባል" አለ መሐንዲሱ ፊቱ ጠቁሮ። "ክረምቱ ሳይመጣ ካልያዘልኝ ማሽኑን ያነሡታል። ማዋለጃውም ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።"

እኛም ዱዓው ቢያንስ ነው ብለን ዳሱን አሰፋነው። መርፌዋ ይባስ ወረደች። ደግመን አሰፋነው። እንዲያ ቢቀጥል ዳሱ ደሴ ይገባ ነበር።

ነገሩን የቆረጡት እትዬ ከድጃ ናቸው። ልጃቸው ደሴ ሳትደርስ ባጃጅ ውስጥ ነው የወለደችው፤ የልጅ ልጃቸው እስከዛሬ የሞተር ድምፅ ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

"ዱዓው ይቀጥል" አሉ ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። "ጆሮ ያለው ግን ጫማውን አውልቆ ከእኔ ጋር ይተኛ። ቀዳዳ ያፏጫል።"

"እትዬ፣ የእኔ ጆሮ የሰማውን አፌ ይጨምርበታል" ብላቸው፣

"አንተ አፍህን ዝጋና ተኛ! ካፏጨህ ቀዳዳው መስለኸኝ እደፍንሃለሁ።"

ተኛን። እስላም ክርስቲያኑ ጆሮውን ላስቲክ ላይ ለጥፎ በደረቱ ሲሳብ አስቡት። ከወልድያ የመጣ ሚኒባስ ቆመ፤ ተሳፋሪው "የማን ተአምር ነው?" እያለ ወረደ። ሁለቱማ መልስም ሳይጠብቁ አጠገቤ ተጋደሙ።

ጠርዙ ጋ ስንደርስ እትዬ ከድጃ እጃቸውን አነሡ። ፉጨቱ ከዳሱ ችካል ሥር ነው። ችካሎቻችን አፈሩን አልፈው የተቀበረውን ላስቲክ ወግተውታል። ለካ ዳሱን ባሰፋን ቁጥር ቀዳዳ ስንጨምር ሰንብተናል!

አሁን ማን ይናገር? ሸህ ይማም ዓይናቸውን ጨፍነው ምርቃት ላይ ናቸው። መሐንዲሱ እኔን አየኝ፤ እኔ ሐይቁን አየሁ። እትዬ ከድጃ ማንንም አላዩም። "ቢስሚላህ!" ብለው ችካሉን ነቀሉት። ቀጥሎ ያለውንም። ዳሱ በሸሁም በመምሬም ላይ ተደፋ።

ከሸራው ሥር ድምፅ መጣ። "ከድጃ! ምን ሆነ?"

"ዱዓውስ ደርሶ ነበር ሸህዬ፤ ችካላችን ነው የያዘው።"

ሸህ ይማም ራሳቸውን ከሸራው ሥር አወጡ። "ታዲያ ምን ያስቆማችኋል? በእኔ በኩል ያለውንም ንቀሉት እንጂ!"

ነቀልን። ላስቲኩ ተጠገነ፣ ጠርዙ በጭቃ ተደፈነ፣ መርፌዋም ወጥታ ቀረች። ዝናቡ ሳይቀድመን መሬቱ ውሃውን ተፍቶ ጠነከረ፤ ይኸው አሁን የማዋለጃው መሠረት ድንጋይ እየገባ ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ ዱዓ የምናደርገው ያለ ዳስ፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ነው። ምርቃቱ በጣም አጥሯል። እንደማየው ግን ቶሎ ይደርሳል።