አጭር ሰላምታ ለማስተማር ሦስት ቅዳሜ

የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን አንዳንዴ ያሳፍራል። ለፈተና የሚሄድን ልጅ «እግርህን ስበር» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ ቋንቋ ነው የማስተምረው፤ ይህን ምርቃት ደብረ ታቦር ውስጥ በየትኛዋም እናት ፊት ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። ገበያው ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሰዋስው ሳስተምር የሚያንቀላፋው ክፍል፣ የአራዳ እንግሊዝኛ ሲባል ዓይኑ ይፈጣል። እናንተስ ብትሆኑ?

ከቅዳሜ ተማሪዎቼ አንዷ ይታይሽ ናት። ኩዌት ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ አሁን እዚሁ ሱቅ ከፍታለች። እዚያ ያሳደገቻት ኑራ ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በእንግሊዝኛ ትማራለች፤ ከተለያዩ ከአራት ዓመት በኋላ ለይታይሽ ልትደውልላት ቀጠሮ ይዛለች።

«የኔ እንግሊዝኛ የኩሽና ነው መምህር» አለችኝ። «ልጂቱ እንዳታፍርብኝ። እኩዮቿ እንደሚያወሩት አርገው ያስተምሩኝ።»

ሦስት ቅዳሜ ለፋን። እንዴት ነሽ ስትባል «አይም ችሊን»፣ ማለትም ዘና ብያለሁ፣ እንድትል፣ አንዴ ጠይቃ ወዲያው ወደ ጨዋታ እንድትገባ ነገርኳት። የዛሬ ልጆች ረጅም ሰላምታ አይወዱም አልኳት፣ እንደ አዋቂ።

በአራተኛው ቅዳሜ ስልኩ ክፍል ውስጥ ጠራ። ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን። ይታይሽ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ አነሳችው፤ ልጂቱም «ሃው አር ዩ?» አለች።

አይም ችሊን የት ገባ! የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ ይታይሽ የቤተ ዘመዱን ደኅንነት ሳይጠይቁ ወሬ መጀመር ነውር በሆነበት አገር ያደገች ናት። ዐረብኛና እንግሊዝኛ እያደባለቀች እናትሽ እንዴት ናት አለች፤ ፋይን። አባትሽስ፤ ፋይን። ወንድምሽ፣ አትክልተኛው፣ ድመቷ፤ ፋይን፣ ፋይን፣ ፋይን። እኔ በእጄ «በቃ፣ በቃ» እላለሁ። አያትሽስ፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

ልጂቱ ማልቀስ ጀመረች። አያቷ ሆስፒታል ከተኙ ወር አልፏቸዋል፤ ለካ እስከዚያች ሰዓት ስለሳቸው የጠየቃት ሰው አልነበረም። ይታይሽም አብራት አለቀሰች፤ ቀስ ብላም ጥያቄዋን ቀጠለች። ይበላሉ? ይተኛሉ? አጠገባቸው ማን አለ? በመጨረሻ «አንቺስ?» ስትላት፣ ኑራ በተሰባበረ አማርኛ «እግዜር ይመስገን» አለች።

«እኔ አላስተማርኳትም» አለችኝ ይታይሽ ስልኩ ሲዘጋ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ዕቃ ሳጥብ የምለውን ሰምታ ይሆናል። ይቅር ይበሉኝ መምህር፤ ካስተማሩኝ አንዱንም አልተናገርኩ።»

አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ተማሪዎቼን እንደ ሸኘሁ ይፋግ ላለችው እናቴ ደወልኩ። ልማዴ «ሰላም ነሽ? በይ ቻው» ነው። ያን ቀን ግን ወገቧን ጠየቅኩ፤ ላሟን ጠየቅኩ፤ የጤፉን አያያዝ፣ ጎረቤቶቿን በየስማቸው እያነሣሁ ጠየቅኩ። እናቴ እየመለሰችልኝ ቆይታ ድምጿ ተለወጠ።

«ልጄ፣ በማርያም፣ አትደብቀኝ» አለች። «ማን ሞተ?»