ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ብርዛፍ

ብርዛፍ ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ባሏ በተቀበረ ማግስት፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት፤ ሕልምም አየች።

ባሏ ዳምጠው የደብረ ብርሃን ብርድ ጠንቶበት፣ እሷ ገበያ በሄደችበት የተቀጣጠለ ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ እንደተኛ ነው የቀረው። ራስጌው ግን ሬዲዮ ጠጋኙ ወንድሟ ዘርይሁን ከርካሽ ዕቃ የገጣጠማት፣ የቤት አየር ሲመረዝ የምትጮህ መለኪያ ተሰቅላ ነበር። ዘርይሁን "ሳትጮህ ቀረች፤ እኔ ነኝ የገደልኩት" ብሎ አንዴ ካቀረቀረ ቀና አላለም።

በሕልሟ ቤቶቹን የያዙት መለኪያዎቹ ነበሩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰው ነው፤ አየሩ ሲበላሽ ያለቅሳል። ሁለት መለኪያዎች ብርዛፍን ገበያ ላይ አገላብጠው አዩአት።

"ርካሽ ናት። ትሠራለች?" አለ አንደኛው።

ሻጩ ፊቷ ላይ ጭስ እፍ አለባት። አለቀሰች።

"ትሠራለች" አለ ሁለተኛው፤ ገዟት።

መኝታ ቤት ወስደው ሰቀሏት። ትይዩዋ ዳምጠው ተሰቅሏል።

"ዳምጤ፣ አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"የእኔ ባትሪ አልቋል" አላት። "አንቺ አልቅሺልኝ።"

ከሰሉ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ብርዛፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። መለኪያዎች ቀይ መብራታቸውን እያበሩ በሩጫ ደረሱ። ፍየሎች መስኮቱን በቀንዳቸው ነቀሉት። ዳኛው ችሎቱን በትኖ መጥቶ ጣሪያውን ተሸክሞ ሄደ። "ምን ሆነሽ ነው?" ብሎ የጠየቃት አንድም አልነበረም፤ ማልቀሷ ብቻ በቅቷቸዋል። ነፋሱ ቤቱን ሞላው። ዳምጠው ሳል ሳል አለና ከግድግዳው ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈለገ።

"እስቲ ውሃ ስጪኝ" አላት።

እጇን ስትዘረጋ ነቃች።

ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ዘርይሁን አጠገብ ተቀምጠው፣ ትከሻውን ይዘው፣ ቀስ ብለው ያናግሩታል።

"ተው ልጄ፣ ራስህን አትጉዳ። ያቺ የሠራሃት ነገር እንደሆነ ያን ዕለት ስትጮህ ነው የዋለችው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የዳምጠው ስልክ መስሎን ነው።"